ግራ እጄን ሳስተምር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በባሬይሮ ወደብ፣ በጀልባው መግቢያ ላይ፣
ቀኜ ትኬት ሲቆርጥ በዝናብ በፀሐይ፣
ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም እየቆጠረ
እንደ ባለጸጋ ልጅ ተኝቶ ኖረ።

ጡረታ ስወጣ ሊዝበን ማዶ ቀረች፣
እኔን ሳትፈልግ ማለዳ ነጋች።
አንድ ቀን መሳቢያ ስበረብር ሳለሁ
የአባቴን ምላጭ ካልሲ ውስጥ አገኘሁ፤
እጀታው የቀንድ ነው፣ ጫፉ የተሰበረ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ሲላጭበት የነበረ፣
ፊቱን አረፋ ውጦት፣ አፉን አጣሞ፣
አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከመስታወት ቆሞ።
እኔ ልጁ በር ላይ፣ ትንፋሼን ሸሽጌ፣
ወደ አንገቱ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ።

እንዴት እንደሚያዝ ግን አላሳየኝም፣
እኔም አልጠየቅሁም።
በፕላስቲክ ምላጭ ዕድሜዬን ጨረስኩት፣
ልክ እንደ ትኬቱ ቆርጬ እየጣልኩት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ደም። ሁለተኛው፦ ደም።
ሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ከጆሮ እስከ ጢም
በጋዜጣ ቁራጭ ተለጣጥፌ ስወጣ፣
ዳቦ ሻጩ ሳቀ፦ «ይሄ ሰው ከየትኛው ጦር ሜዳ መጣ?»

ከታች ፎቅ ያለችው ዙልሚራ ሰማች።
የፀጉር አስተካካይ ሚስት የነበረች፣
ባሏ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣
በገዛ ምላጩ ስትላጨው፣ አሉ፣
አንዴም አልቆረጠችው።

ደረጃውን ወጣች ጉልበቷን ይዛ፣
ምላጩን አየችው በመስኮቱ ታክካ።
«ይሄማ» አለችኝ «ምላጭ ሳይሆን ማንኪያ ነው።
አስቀድሞ ይሳል። ሌላው ከዚያ ነው።»

ቀበቶዬን ፈታሁ፣ በር እጀታ ላይ አሰርነው፣
ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ፣ ቀስ ብለን ጎተትነው።
«ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል፤
ስለት ከቀደመ ቆዳውን ይበላል።»

እናቴ የተሳለችው ሻማ ነበር፣ ለባሕር እመቤት፤
አባቴ ግን የተወልኝ ይኸው ነው፣ አንድ ስለት።
አርባ ዓመት ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ከርሟል፤
ስለት ካልተከፈለ ይዶለዱማል።

«ፀጉርህ ወዴት ይተኛል? በጣትህ ጠይቀው።
ጉንጭህ ላይ ወደ ታች፣ አንገትህ ላይ ሌላ ነው።
ስልሳ ሁለት ዓመት ተሸክመኸው ስትሄድ
ይህን ፊት አታውቀውም?»
እውነቷን ነው። አላውቀውም።

«ጀርባው ከጉንጭህ በሁለት ሳንቲም ውፍረት ይራቅ፤
አትጫነው፣ ክብደቱ ይበቃዋል፤ አትጨነቅ።»

ቀኝ ጉንጬ እሺ አለ።
«አሁን ምላጩን ለግራ እጅህ ስጠው።»
ለግራ እጄ? ከኪሴ ወጥቶ ለማያውቀው?
ግራ ገባኝ። ግራ እጄም ግራ ገባው።

ተንቀጠቀጠ። ሳቀች።
«ዳቦ ይቀባ፣ ቁልፍ ይክፈት፣ ጥርስህም ይፋቅ በሱ፤
ሥራ ፈት እጅ እንዴት ይመን በራሱ?»

ሦስት ሳምንት በግራዬ ሾርባ ጠጣሁ፤ ሸሚዜ ይመስክር።
ስሜን በግራዬ ጻፍኩ፤ የሕፃን ልጅ ነገር።

ደግሞም የአንድ ሰዓት ከሩቧ ጀልባ አለች።
ጥሩምባዋ ሲነፋ ነፍሴ ትዘላለች፤
እንዳልዘገይ እሮጣለሁ፣ ባለሁበት ቆሜ፤
ይኸው አገጬ ላይ፣ ምስር የሚያህል ጠባሳ፣ ከነደሜ።

ትናንት ጭጋግ ነበር። ወንዙ አይታይም።
ቀኜ ቆዳዬን ወጥሮ፣ ግራዬ ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ
ሲወርድ፣ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ድምፅ አውጥቶ፣
ጀልባዋ ጮኸች።
እጄ አልሰማትም።
ወረደ፣ አገጬን ዞረ፣ እንደ ሰው እንደተኛ ቤት በጥንቃቄ።
አረፋውን ጠረግሁ። ደም ፈለግሁ። የለም።

ዙልሚራን ልጠራት አሰብኩ፤ ገና ተኝታለች።
ግራ እጄ ብቻውን ምላጩን በተሰቀለው ፎጣ ሲያደርቀው፣
ቀኜን ፈለግሁት፤ የት ሄዶ ነው?
ኪሴ ውስጥ ነበር።
ሳንቲም ይቆጥራል።